ሰባት ኤሊዎችና አንድ ያልተከፈተ ደብዳቤ

ሰባቱ ነጥቦች አንድ ቦታ ላይ ተደራርበው ሲያይ ሃዜም መጀመሪያ የጠረጠረው የገዛ መሣሪያውን ነበር።

ጠዋት ነው። በመስኮቱ ትይዩ የጎረቤት ልብስ ተሰጥቶ ይወዛወዛል። ከታች፣ ከአምስት ፎቅ ሥር፣ የእስክንድርያ ታክሲዎች ጥሩምባ ያንባርቃል። እሱ ግን ፊቱን ሳይታጠብ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጧል። አርባ የበረሃ ኤሊዎች ነበሩ፤ ትልቋ እንኳ ከሰው መዳፍ አትበልጥም። በእያንዳንዷ ጀርባ ላይ እሱ በእጁ የሠራው፣ ከአንድ ፍሬ ባቄላ የማይከብድ መከታተያ ተለጥፏል። መከታተያው ውሎውን ይተኛል። በየሁለት ሰዓቱ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይነቃና «እዚህ ነኝ» የምትል አጭር ምልክት ልኮ ተመልሶ ይተኛል። በረሃው ላይ የቆሙ ሦስት ምሰሶዎች ምልክቷን ይቀበሉና ወደ እስክንድርያ ያሻግሯታል። እንዲህ እየቆጠበ አንዲቷን ትንሽ ባትሪ ሁለት ዓመት ያኖራታል።

ኤሊ ማኅበር አይወድም። እያንዳንዷ የራሷ ቁጥቋጦ አላት። ሰባቱ ግን ይኸው አምስት ቀናቸው፣ ከጥብቁ የኤሊ ክልል አጥር ውጭ፣ አንድ ቦታ ላይ ሰፍረዋል። ቦታውን ሃዜም ካርታ ሳያይ ያውቀዋል። ሁለት የበለስ ዛፎች፣ የድሮ የውኃ ጉድጓድ፣ ነጭ የድንጋይ ቤት። የሃጂ ሚፍታህ ቤት ነው።

የጀዋሂር ቤት።

ስሟን በልቡ ሲጠራ ዓይኑ ሳያዘው ወደ መደርደሪያው ሄደ። እዚያ አንድ ካርቶን ተቀምጧል። ከአምስት ወር በፊት ልኮላት፣ ማሸጊያው እንኳ ሳይነካ የተመለሰ ካርቶን ነው። እናቱ ከሞቱ ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ከእሱ ሌላ የሚያድር ሰው የለም። አንዳንድ ቀን ከዳቦ ሻጩ በቀር ከማንም ጋር ሳይነጋገር ይመሻል። ካርቶኑን ግን ለመጣልም ለመክፈትም እጁ እምቢ ብሎታል።

ደንቡ ግልጽ ነበር። አንዲት ኤሊ ከጥብቁ ከወጣች በዚያው ቀን ለፕሮጀክቱ ኃላፊ ለዶክተር ሱሄር መናገር፣ ከዚያ ጠባቂዎች ሄደው ቤት መፈተሽ። እሱ አምስት ቀን ሙሉ አፉን ዘግቶ ከረመ። በስድስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ።

«ሃዜም፣ ሰባቱ የት ገቡብኝ? ጥብቁ ውስጥ ባሉት ዝርዝር ላይ ሠላሳ ሦስት ብቻ ነው የማየው።»

«ባትሪ ይሆናል ዶክተር። ሄጄ ላያቸው ነው።»

«አንተ? ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉን አያለሁ ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?» ሳቀችበት። «ይሁን ሂድ፤ ፀሐይም ትንሽ ትምታህ።»

ስልኩን ዘጋ። ሌባ ደብቆ እንደሚዋሽ ሰው ተሰማው። ለኤሊዎቹ ስል ነው የምሄደው አለ ለራሱ። ይህን እያለ ግን በዚያ ጠዋት ጺሙን ሁለት ጊዜ ተላጨ።

* * *

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ከሚክሮባሱ ሲወርድ ሃጂ ሚፍታህ ከቤታቸው ጥላ ሥር ተነስተው እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት።

«እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። ጠፋህ፣ ጠፋህ! ከስተሃል ደግሞ። የከተማ ዳቦ ሰው አያደርግም ስልህ አልሰማም ብለህ።»

«ደህና ነዎት ሃጂ?»

«ተመስገን። ግባ፣ ቤትህ ነው።»

ለምን መጣህ አላሉትም። በእነሱ ዘንድ እንግዳ ሦስት ቀን ሳይሞላው ይህን የሚጠይቅ የለም። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሩዝና የበግ ሥጋ ቀረበ፣ ሽማግሌው ለስላሳ ለስላሳውን እየመረጡ ወደ እሱ በኩል ይገፉለት ጀመር። በዚህ መካከል ጀዋሂር በግቢው አለፈች። እጇ ላይ አንድ እቅፍ የሜዳ ቅጠል ይዛ ነበር። ቆም አለች። ዓይኗ ከዓይኑ ጋር ተጋጨ። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ፊቷን ፀሐይ ያጠቆረው፣ አረማመዷ የማይቸኩል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፊት ከፊቱ እየሄደች ዱካ ማንበብ ያስተማረችው ሴት ናት። ያኔ ሲያያት ከዓይኗ ሳቅ አይጠፋም ነበር። አሁን ባዕድ ሰው እንደምታይ አየችውና መንገዷን ቀጠለች።

ሃጂ ሚፍታህም አይተዋል። «በደህና ጊዜ መጣህ» አሉ። «ዓርብ ታላቅ ወንድሜ ሃጂ አጢያ ከነቤተሰቡ ይመጣል። ጀዋሂርን ለልጁ ለኢድሪስ ሊጠይቅ ነው፤ ፋቲሃ አንብበን እናጫቸዋለን። ሁለቱ ገና ልጆች እያሉ ጀምሮ የእሱ ናት ሲባል ነው የኖረው። አንተም እንግዳችን ነህ፣ ከእኛ ጋር ትቀመጣለህ።»

«መልካም ነው ሃጂ። አላህ ይባርከው።»

«ሥጋውን ተውከው እኮ። ብላ እንጂ!»

ሃዜም አንድ ጉርሻ አነሳ። አላመጠ፣ አላመጠ፤ ሁለተኛ አላነሳም።

* * *

ሐሙስ ጠዋት በለሶቹ አጠገብ አገኛት። አባቷ ራቅ ብለው ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ያዩዋቸዋል፣ ንግግራቸው ግን አይሰማቸውም። ጀዋሂር በድንጋይ ካብ የታጠረች ትንሽ ቦታ ውስጥ ተንበርክካ ቅጠል ትበትናለች። ሰባቱ ኤሊዎች አንገታቸውን አውጥተው ይበላሉ። በጀርባቸው ላይ መከታተያዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ አንዱም አልተነካም።

«ሌባ ሊይዙ ነው የመጡት፣ ኢንጂነር?» አለች ቀና ሳትል።

«እርስዎ» ስትለው እንደ በረዶ ወጋው። ድሮ «አንተ» ነበር የምትለው።

«ለማንም አልተናገርኩም፣ ጀዋሂር። ስድስት ቀን አውቄ ዝም አልኩ።»

«ዝም ያሉት ሌባ ናት ብለው አስበው ነዋ። ባያስቡ ኖሮ ምን ያስደብቅዎታል?»

እውነቷን ነበር።

ተነስታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ይስሙኝ እንግዲህ። ከአጥሩ ወዲያ የመዝናኛ መንደር እንሠራለን የሚሉት ሰዎች ድንጋይ ሲያመላልሱ አጥሩን ጣሉት። ከዚያ በዶዘር ገቡና ቁጥቋጦውን ገፈፉት። ኤሊዎቹ ከሥሩ ነበሩ። ለጠባቂዎቹ ነገርኩ፤ ከቢሮ ካልታዘዝን አንንቀሳቀስም አሉኝ። ሁለት ቀን ተመላለስኩና እየፈለግሁ አወጣኋቸው። ስምንት ነበሩ። ለሰባቱ ደረስኩ።»

«ስምንተኛዋ?»

«አሥራ ዘጠኝ ቁጥር። ጎማ ሄዶባታል። እዚያው ቀበርኳት።»

ሃዜም ወደ እሷ አንድ እርምጃ ቀረበ። «አሥራ ዘጠኝ? አሥራ ዘጠኝማ አለች! ዛሬ ጠዋት እንኳ ምልክት ልካለች። በየሁለት ሰዓቱ…»

«የሚልከው መሣሪያዎ ነው» አለች ጀዋሂር። «እሷ ከሞተች ሳምንቷ።»

አንዲቱ ኤሊ ቅጠል ስትቆርጥ የምታሰማው ጥቃቅን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሃዜም ሳምንቱን ሙሉ በየማለዳው ያቺን ነጥብ እያየ «ደህና ናት» ሲል እንደነበር ትዝ አለው፤ አፈረ።

«ለምን እዚያ ሄድሽ ግን? ሥራው ቆሞብሽ የለም?»

«እግሬ ለምዶ ነዋ! ከእናቴ ጋር የጠፋ ፍየል እየፈለግሁ ነው ያደግሁት። የስንብት ወረቀት መጣ ብዬ ልተኛ?» ድምፅዋ ከፍ አለ። አባቷ ቀና ብለው አዩ፤ ዝቅ አደረገችው። «ቃሉን በቃሌ ይዤዋለሁ። ‹መከታተያዎቹ በሙሉ ከተለጠፉ በኋላ በእግር የሚከታተል ሠራተኛ አያስፈልግም።› ከሥሩ ፊርማ። የማን ፊርማ ነው፣ ኢንጂነር?»

«የኔ።»

«ሌላ ሰው ነው ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

«የኔ ነው፣ ጀዋሂር። በመሣሪያው ኮርቼ ነበር። አርባውም ነጥብ ሲበራ ዓለምን የጨበጥሁ መሰለኝ።» ቃላቱ አንድ በአንድ እየተጎተቱ ወጡ። «ደግሞ… ሌላም ነገር ነበር። አንቺን ከአባትሽ ልጠይቅ አስቤ ነበር። የእኔ ሚስት በዚህ ሐሩር ቀኑን ሙሉ ስትንከራተት አይሆንም አልኩ። ላሳርፋት አልኩ።»

ጀዋሂር ወደ እሱ ዞረች። ያን ጊዜ «እርስዎ»ው ከአፏ ጠፋ።

«አንተ እኔን ጠይቀኸኛል? ማረፍ እፈልጋለሁ አልኩህ? ከእናቴ የቀረኝ አንድ ነገር እሱ ነበር። እሱን ቀምተህ ነው ልታገባኝ ያሰብከው?»

«ተሳስቻለሁ።»

«አስበህስ ለምን አልመጣህም? የሁለት ሰዓት መንገድ ነው! አምስት ወር ሙሉ መንገዱን ሳይ… » አቆመች። ከንፈሯን ነከሰች።

«ጽፌልሽ ነበር» አለ። «የፕሮጀክቱ ሾፌር ካመጣልሽ ካርቶን ውስጥ፣ ከባትሪዎቹ ሥር። ደብዳቤ እንዳለው ንገራት ብዬዋለሁ። መልሰሽ ላክሽው። አልፈልግህም ማለትሽ መሰለኝ።»

«ሾፌሩ የስንብት ወረቀቱን ይዞ የመጣው በዚያው ቀን ነበር። ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ካርቶኑን አወጣና ‹ከኢንጂነሩ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ አለሽ› አለኝ። አንዱ በቅቶኝ ነበር።»

ነፋስ የበለሱን ቅርንጫፍ አወዛወዘው። በሁለቱ መካከል የነበረው አምስት ወር፣ እያንዳንዱ ዝም ያለ ቀን፣ እያንዳንዱ «ንቃኛለች»፣ እያንዳንዱ «ረስቶኛል»፣ በአንድ ሾፌር አንድ ምልልስ የተፈጠረ መሆኑን ሁለቱም ተረዱት። ሊስቁበት አልቻሉም።

ሃዜም ስልኩን አወጣና ደወለ። ከእሷ ፊት ቆሞ ነው የደወለው።

«ዶክተር፣ ሰባቱ ተገኝተዋል። ደህና ናቸው። አጥሩ ፈርሶ ዶዘር ገብቷል፤ እኔ ከወንበሬ ሆኜ አላየሁም። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ሞታለች፤ መሣሪያዬ እስካሁን አለች ይላል። ያዳነቻቸው ጀዋሂር ናት፤ ያሰናበትናት። ሠራተኛ አያስፈልግም ብዬ የጻፍኩት ስህተት ነው። ዛሬውኑ በጽሑፍ አስተካክላለሁ።»

«ልጅቷ አጠገብህ ናት?» አለች ዶክተር ሱሄር።

«አለች።»

«አገናኘኝ።»

ጀዋሂር ስልኩን ተቀበለች። ጥቂት ሰማች። «እሺ… እሺ ዶክተር። አጥሩ ከታጠረ ቅዳሜ እመልሳቸዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልበልዎት፤ ሁለተኛ ጊዜ ልታሰናብቱኝ ብትፈልጉ ሰው ልካችሁ ንገሩኝ እንጂ ወረቀት አትላኩብኝ።» ስልኩን መለሰችለት። ጣቶቻቸው አልተነካኩም።

«ይህን ያደረግሁት እንድትወጂኝ ብዬ አይደለም» አለ ሃዜም።

«አውቃለሁ። ለዚያ ብታደርገው ኖሮ ስልኩን አልቀበልህም ነበር።» መሬት መሬት አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደብዳቤው ምን ይል ነበር?» አለች።

በወረቀት ቀላል ነበር። አሁን፣ ከፀሐዩ ሥር፣ አባቷ እያዩት፣ ከባድ ሆነ። ቢሆንም ተናገረው።

«‹ጀዋሂር፣ ቤቴ ውስጥ ብዙ ወንበሮች አሉ፤ የምቀመጠው ግን አንዱ ላይ ብቻ ነው› ይላል። ‹ካንቺ ጋር በረሃ ውስጥ ስንሄድ ሰዓት ሙሉ ሳንነጋገር እንቆይ ነበር፤ ያን ጊዜ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። እዚህ በሰው መሀል ነው የሚሰማኝ። የበረሃ ሰው ሳልሆን የወንዝ ዳር ልጅ መሆኔን አውቃለሁ፤ ወገኖችሽ ለእኔ ዓይነቱ ሴት ልጅ እንደማይሰጡም አውቃለሁ። ቢሆንም አባትሽን ልጠይቅ፤ አንቺ አዎ ካልሽኝ ብቻ።› ይኼው ነው።»

ጀዋሂር የሻሿን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ቆመች። «ነገ ዓርብ ነው» ብላ ብቻ ወደ ቤት አመራች፤ ሃዜምም እንደ ድንጋይ ካቡ እዚያው ተገተረ። መልስ ካለመስጠቷ ይልቅ እያለቀሰች መሄዷ አስጨነቀው።

* * *

ዓርብ ከጸሎት በኋላ ሦስት መኪና ሙሉ ዘመድ መጣ። ወንዶቹ ትልቁ ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ። ሃጂ አጢያ ነጭ ለብሰው ከመሀል ሲቀመጡ ልጃቸው ኢድሪስ ከጎናቸው ሆነ። የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቀን ሙሉ የገዛ ጫማውን የሚያይ ዝምተኛ ሰው ነው። ሃዜም በእንግድነቱ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«ይኼ ነው ያ የኤሊ መሐንዲስ?» አሉ ሃጂ አጢያ። «ኤሊ ጠፋብኝ ብሎ ከእስክንድርያ ድረስ! ወንድሞቼ፣ እኛ ጋ ግመል ሲጠፋ እንኳ ይህን ያህል አንደክምም። ኤሊ ደግሞ እንዴት ነው የሚጠፋው? ሮጦ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሃዜምም እንደ ምንም ፈገግ አለ።

ሳቁ ሲበርድ ሃጂ አጢያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጠየቁ። ሃጂ ሚፍታህ ተነሱ። ወደ መጋረጃው ሄደው ቆሙ።

«ጀዋሂር፣ ልጄ። አጎትሽ ለኢድሪስ ጠይቆሻል። ምን ትያለሽ?»

ልጅ ለዚህ ጥያቄ አትመልስም። ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው፤ እናቷም፣ አያቷም እንዲያ ነው ያገቡት። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። አንድ ትንፋሽ አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሃጂ አጢያ ፈገግ አሉ። ፋቲሃውን ሊያነቡ መዳፋቸውን ከፈቱ፤ ሌሎቹም ተከትለው ከፈቱ።

«አልፈልግም፣ አባ።»

ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። የተዘረጉት መዳፎች እንደተዘረጉ ቀሩ።

«ምን አለች?» አሉ ሃጂ አጢያ።

«አልፈልግም አልኩ፣ አጎቴ። ይቅር በሉኝ። ኢድሪስ ወንድሜ ነው፤ ክፉ አይቼበት አላውቅም። ባል እንዲሆነኝ ግን አልፈልግም።»

ሃጂ አጢያ ቀስ ብለው አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ዓይናቸው ሃዜም ላይ አረፈ። «ገባኝ። ይኼ ነው እንዴ?»

«እሱ አይደለም!» አለች ከመጋረጃው ጀርባ። «እሱ ባይመጣም አልፈልግም ነበር። የምናገርበት አፍ ነው ያጣሁት። በእሱ አታመካኙ፤ ቃሉ የኔ ነው።»

በመጨረሻ የተነሳው ኢድሪስ ነበር። ጫማውን ማየቱን ትቶ መጀመሪያ መጋረጃውን፣ ቀጥሎ አባቱን አየ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

«አባ፣ እንሂድ» አለ በለሆሳስ። «ሰው በግድ ቤት አይገባም።»

ማዕዱ እንደ ቀረበ፣ አንድ ሰው እጁን ሳይሰነዝርበት፣ ሦስቱ መኪናዎች ሄዱ። ሃጂ አጢያ ወንድማቸውን ሳይሰናበቱ ነው የሄዱት።

ሃጂ ሚፍታህ ከቀዘቀዘው ሩዝ ፊት ብቻቸውን ተቀመጡ። በአንድ ቀን ያረጁ መሰሉ።

«ሦስት ቀንህ ዛሬ ሞላ» አሉ ሃዜምን ሳያዩት። «አሁን ልጠይቅህ እችላለሁ። ለምን መጣህ?»

«ለኤሊዎቹ ብዬ ነበር ከቤቴ የወጣሁት። ለራሴም እንዲያ ነበር የነገርኩት። እውነቱ ግን ለልጅዎ ነው፣ ሃጂ። እንዲሰጡኝ ልጠይቅዎ ነው።»

ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። «ክፉ ሰው አይደለህም። አይቼሃለሁ። ግን እኔና አጢያ ስድሳ ዓመት በአንድ ገበታ ነው የበላነው። ዛሬ ወንድሜን አጣሁ። በዚያው ቀን አማች አላገኝም።»

«ይገባኛል።»

«ሂድ። ሳልጠራህ አትምጣ። አትደውልላት፣ አትጻፍላት። ቃልህን ስጠኝ።»

ሃዜም እምቢ ማለት ይችል ነበር። ግን ሽማግሌውን ያን ቀን ካጡት በላይ ሊያሳጣቸው ልቡ አልቻለም።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለ።

ሚክሮባሱ ሲነሳ በኋላው መስታወት አያት። ከበለሶቹ አጠገብ ቆማለች። እጇን አላነሳችም፣ እሱም አላነሳም። እስክትጠፋ ድረስ ብቻ ተያዩ፤ ከጠፋችም በኋላ አንገቱን መመለስ ከበደው።

* * *

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለሦስቱም ብቸኝነት ሆነ።

የሃጂ አጢያ ቤት ሴቶች ለእርሾ መምጣት ተዉ። በበዓሉ ዕለት ሃጂ ሚፍታህ በግ አርደው እስከ ማታ መንገድ መንገድ ሲያዩ ዋሉ፤ የመጣ አልነበረም። ሥጋውን ጀዋሂር ለሩቅ ጎረቤት አከፋፈለችው። አባትና ልጅ ስለዚያ ዓርብ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። አንዳንዴ ግን አባቷ ወንድማቸውን ሊጠሩ ይመስል አፋቸውን ከፍተው መልሰው ይዘጉታል፤ ያን ጊዜ ጀዋሂር ልቧ ይደማል። በእምቢታዋ አልተጸጸተችም። የእምቢታዋ ዕዳ በአባቷ ትከሻ ላይ መውደቁ ነበር ሌት ተቀን የሚከነክናት።

አጥሩ ታጠረ፣ ሰባቱ ኤሊዎች ወደ ቁጥቋጧቸው ተመለሱ። ከትንንሾቹ ኤሊዎች መከታተያ ለመሸከም የደረሱት ተመረጡና ቢሮው አዳዲስ መሣሪያ ላከላት። መሣሪያው እስኪለጠፍ ድረስ እንዲተኛ ጎኑ ላይ ትንሽ ማግኔት ይለጠፍበታል፤ ማግኔቱ ሲነሳ ይነቃል። ጀዋሂር በየማለዳው አንዲት ኤሊ ፈልጋ ታገኛለች፣ ትለጥፍላታለች፣ ማግኔቱን ታነሳለች።

በዚያው ቅጽበት እስክንድርያ ውስጥ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት አዲስ ነጥብ ትበራለች።

ሃዜም ቃሉን አላፈረሰም። አልደወለም፣ አልጻፈም። ግን በየማለዳው ከሥራ በፊት ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥና ይጠብቃል። ነጥቧ ስትበራ፣ አሁን በዚህች ሰዓት፣ ከዚህች ቁጥቋጦ ሥር ተንበርክካለች ይላል። ደህና ናት። ቆማ ጉልበቷን አራግፋ ትሄዳለች። ነጥብ ሳይበራ በሚውልባቸው ቀናት ምግብ አይበላለትም። ጀዋሂርም እንደሚያያት ታውቅ ነበር። ማግኔቱን ከማንሳቷ በፊት ፀጉሯን ወደ ሻሿ ውስጥ ስትመልስ ራሷን ያገኘችበት ቀን አለ፤ በራሷ ስቃ ወዲያው አለቀሰች። በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ሳቋንም ልቅሶዋንም የሰማ ሰው አልነበረም።

ገብሱ ታጨደ። ሙቀቱ በረታ፣ ኤሊዎቹ የበረታውን ፀሐይ ሸሽተው አንድ በአንድ አፈር ውስጥ ገቡ። የሚለጠፍ መሣሪያ አለቀ። አዲስ ነጥብ ማብራት ቀረ።

ነጥቡ ከቀረ በአሥረኛው ቀን ጠዋት ጀዋሂር ግቢ ስትጠርግ አባቷ እንደ ወትሯቸው ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ነበር።

«ትናንት ገበያ ኢድሪስን አገኘሁት» አሉ ድንገት። «ሊያገባ ነው። የእናቱ ወገን የሆነች ልጅ ናት። ደስ ብሎታል፤ ሲስቅ አየሁት። ልጁ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።»

መጥረጊያዋን ያዝ አደረገች። «አጎቴስ?»

«አጢያ ጀርባውን ነው የሰጠኝ። ግን ሲሄድ ዞር ብሎ አይቶኛል። እኔ ምን ያህል ዕድሜ ቀርቶኛል ብለሽ ነው? አንቺን እዚህ ሜዳ ላይ ብቻሽን ትቼሽ ልሄድ?»

«አባ…»

«የዚያን ልጅ ስልክ ቁጥር ታውቂዋለሽ?»

«የማንን?»

«አታስለፍልፊኝ፣ ጀዋሂር።»

ሽማግሌው ከኪሳቸው አሮጌውን ስልክ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነበር። አራት ወር ሙሉ ያልደወለችው ቁጥር ነው፤ ግን በቃሏ ታውቀዋለች፣ ስትራመድ በእርምጃዋ ልክ ትቆጥረዋለች። 

«ዜሮ…» አለች። «ዜሮ አንድ…»

ሦስተኛውን ቁጥር ማውጣት አቃታት። መጥረጊያዋን ጥላ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

ሃጂ ሚፍታህ ጣታቸውን ከቁልፉ ሳያነሱ ጠበቋት።

«ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አሉ። «አልቸኮልኩም።»